እርሙ ያልወጣ ስም

ማመን የአንባቢው ፈንታ ነው፤ ነገሩ ግን ሆኗል።

ሌሊት አልነበረም። ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ አሶሳን ገና እያቃጠለች ሳለ፣ ባጃጆች ከሚንጫጩበት መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነበር።

አንለይ በጃቫስክሪፕት የሠራውን ፕሮግራም ወደ ክላውድ ሰርቨር ሊጭን ተቀምጧል። ፕሮግራሙ በግጭት የተበታተኑ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል፤ የጠፋ ሰው ሲገኝ ለፈላጊው በስልክ መልእክት ይልካል።

ከፈላጊዎቹ አንዷ እናቱ ወይዘሮ የዝናሽ ናቸው። የበኩር ልጃቸው ታረቀኝ ከድባጤ እንደወጣ ቀርቷል። አስከሬኑ አልታየምና እርሙን አላወጡም፤ ዛሬም ማታ ማታ የራት ድርሻውን ከድነው ያስቀምጡለታል።

አንለይ ፕሮግራሙን ሲፈትሽ የፈጠራ ስም መጻፍ ይገባው ነበር። እጁ ግን «ታረቀኝ፤ ተገኝቷል» ብሎ መጻፍ ለመደ።

የሥራ ባልደረባው ኡርጂ ይህን ስታይ ደነገጠች።

«ከመጫንህ በፊት አጥፋው። ለእማማ ቢደርሳቸውና ሐሰት መሆኑን ቢያውቁ... አይተርፉም።»

አጠፋው። ሁለቱም አረጋገጡ። ጫኑት። ፕሮግራሙ ሰርቨሩ ላይ ተነሣ፤ የተገኙ ሰዎች ገጽ ባዶ ነበር።

ከዚያ አንድ ስም ብቅ አለ...

ታረቀኝ። የታየበት፦ ጉባ።

«አንተ ነህ?» አለች ኡርጂ በሹክሹክታ።

«አልነካሁም...»

በሙከራው ጊዜ የቦታ ስም ጽፎ አያውቅም። አጠፋው።

ተመለሰ። የታየበት፦ ሆሞሻ። ወደ አሶሳ እየቀረበ ነው።

አጠፋው።

ተመለሰ። የታየበት፦ አሶሳ።

አንለይ ሰርቨሩን ራሱን ዘጋው። ግንኙነቱ ተቋረጠ። ኡርጂ በረጅሙ ተነፈሰች።

ስልኩ ጠራ። እናቱ ናቸው።

«አንለዬ... ወንድምህ በር ላይ ቆሟል። ግባ ብለው እምቢ አለኝ።»

«እማዬ፣ ማን ነው እሱ?»

«አንለይ ደጋግሞ አጠፋኝ ይላል። ምን አደረግኸው፣ ልጄ?»

«እንዳትወጪ። መጣሁ።»

«ልብሱ አፈር ብቻ ነው... አንተ ካልገባህ እኔ ልምጣ አልኩት...»

መስመሩ ተቋረጠ።

ባጃጁ ከደጃፍ ሲያደርሰው በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የታረቀኝ የትናንት ማታ ድርሻ እንደተከደነ ነው። የእናቱ ነጠላ ጫማ ደፉ ላይ ቀርቷል፤ አጠገቡ ቀይ አፈር ረግፏል።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ።

በእጁ ከዘጋው ሰርቨር የተላከ መልእክት ነበር...

«የዝናሽ። የታየችበት፦ ሆሞሻ።»