ዳማ አላነከሰም

ብረቱ ፍሙ ውስጥ ቀልቷል። አያ አንለይ በእንጨት እጀታው ይዘው አገላበጡት፤ ሃብታሙ የፈረሱን ገመድ ሰብሰብ አድርጎ ያዘ። አያ አንለይ የሚያነክስ የጋማ ከብት የሚያክሙት በመተኮስ ነው።

ዳማ ግን አላነከሰም። እንዳነከሰ ያወራችው የፈረሱ ባለቤት፣ ሚስጥር የምትባለው ልጅ ናት።

ሰኞ የትምህርት ቤቱ የእጅ ኳስ ቡድን ለውድድር ከድባጤ ወደ አሶሳ ይሄዳል፤ በረኛዋ እሷ ናት። አምናም እሷ ነበረች፤ ግን ጉዞው ሲቃረብ ከፈረስ ወድቃ እጇ ወለም አለና ጓደኞቿን በፋሻ በተጠቀለለ እጇ ሸኘቻቸው። ዘንድሮ ከአሶሳ እስክትመለስ ፈረስ ላይ ላለመውጣት ቆረጠች። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። አብሯት የሚጋልበው ሃብታሙ «ቅዳሜ እንጋልብ?» ሲላት ግን፣ በግልቢያ ወንዶቹን ሁሉ ቀድማ የምትገባው ልጅ «ፈራሁ» ማለት ሞት መሰላትና «ዳማ እያነከሰ ነው» አለችው። ሃብታሙም ደግ ልጅ ነውና ሮጦ ለአባቷ ነገረ፤ እሳቸውም አያ አንለይን አስጠሩ።

«የትኛው እግሩ ነው?» አሉ አያ አንለይ።

«የኋላው… መሰለኝ» አለች ሚስጥር።

ዳማ ጭሱ ሸቶት ጆሮውን ቀሰረ። አያ አንለይ ብረቱን አነሱ።

«ተዉት! ደህና ነው!» ብላ ጮኸች።

አባቷ አቶ ቀናው ዞር አሉ። «ደህና ከሆነ እስቲ ውጪበትና እንየው።»

አንድ ዙር ብቻ ነው፤ ዘላ ብትወጣ ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር። እጇን ጋማው ላይ አሳረፈች። አምና ያበጠው አንጓዋ ትዝ አላትና መለሰችው።

«አልወጣም። ወድቄ ከአሶሳ እንዳልቀር ፈርቼ ነው። ማነከሱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

ሃብታሙ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ፈራሁ ማለት አቅቶሽ እንስሳው ሊቃጠል?» አሉ አባቷ። ሚስጥር በጣም አፈረች።

አያ አንለይ ብረቱን ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ ቸስ አለ። እሷ ገመዱን ተቀብላ ከዳማ ጎን እስከ ማንጎው ዛፍ በእግሯ ሮጣ ተመለሰች። ሁሉም እግሮቹን አዩ፤ ማነከስ የለም። አባቷ ፍሙን አፈር አለበሱት።

«ከአሶሳ እስክትመለሺ ማን ያንቀሳቅሰዋል?» አለ ሃብታሙ፣ መሬት መሬት እያየ።

ዳማ ላይ ከእሷ በቀር ማንም ወጥቶ አያውቅም፤ እንዲወጣበትም ፈልጋ አታውቅም። አሁን ግን ገመዱን ሰጠችው።

«ልጓሙን አትጎትትበት፤ አፉ ስስ ነው።»