የሞይል ዌን ሱፍ ለቃሚ

ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሡ በዐሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ ጉሙ በዌልስ አገር ካለው ከሞይል ዌን ተራራ ወገብ ገና ሳይነሣ፣ መንገድ መሪው ኤድነቪድ ሻለቃ ሃርዊክንና ባለቤታቸውን አስከትሎ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ተራራው ያን ያህል የሚፈራ አልነበረም፤ ልጅ ያዘለች ሴት ሳታርፍ ትወጣዋለች፤ ኤድነቪድ ግን እንግዶቹ ጀብዱ የሠሩ እንዲመስላቸው ጠመዝማዛውን መንገድ መርጦ ነበር። ሻለቃው ባረፉበት የእንግዳ ማረፊያ ዋና መንገድ መሪ አድርገው ሊያሾሙት ቃል ስለ ገቡለት፣ የጨዋ ልጅ መሆኑን፣ እናቱም የሰፊ እርሻ እመቤት መሆኗን እየማለ ነግሯቸዋል።

ከጫፉ በታች አርፈው ዶሮ ሲበሉ፣ ከቁጥቋጦው መካከል አንዲት አሮጊት ብቅ አለች። በጎች እሾህ ላይ ጥለውት የሄዱትን ሱፍ እየለቀመች ባዘለችው ጆንያ ታጭቅ ነበር፤ የድኻ ባልቴቶች የበጋ ሥራ ይኸው ነው። እናቱ ሎውሪ ነበረች።

«አንተ ልጅ!» አለችው በዌልስኛ፣ ፊቷ በርቶ። «ዛሬም በዚህ በኩል አዞርካቸው? ምን በደሉህ!»

«ማን ናት?» አሉ ሻለቃው በእንግሊዝኛ።

ኤድነቪድ ጆንያውን አየ፤ በጭቃ የተለወሰ ቀሚሷን አየ።

«አላውቃትም ጌታዬ፤ ለማኝ ናት» አለ።

ሎውሪ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ነገር ግን እመቤቲቱ የተረፈውን የዶሮ ክንፍ በወረቀት ጠቅልለው ሲዘረጉላት፣ ልጇ ያለው ሁሉ ገባት። እጅ ነሥታ ተቀበለች።

«እግዜር ይስጥልኝ በሉልኝ፣ ጌታው» አለችው ልጇን፣ ቀና ብላ ሳታየው።

እሱም ተረጎመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ ሆኖም ያለውን ቃል አላነሣም፤ የስንቁን ቅርጫት ይዞ ወደ ጫፉ መራቸው።

ሹመቱን አገኘ። ሎውሪ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ልጇን ላለማሳፈር ስትል፣ ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ወደሚፈጀው ወደ ማዶው ተራራ እየሄደች ሱፍ ትለቅም ጀመር። ማታ ስትመለስ እግሯን ሲያይ ያፍራል፤ ይቅር በይኝ ለማለትም ያፍራል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሻለቃው የጉዟቸውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ ሰባኪውም በጸሎት ቤቱ ደጃፍ ለሕዝቡ ተርጉመው አነበቡ። መጽሐፉ ተራራውን አስፈሪ፣ ኤድነቪድን ሐሰት የማያውቅ ሰው ይላል፤ ስለ አሮጊቲቱ አንዲት ቃል የለውም። ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው ሎውሪ ነበረች።

እሷ ካረፈች በኋላም መጽሐፉን ያነበቡ እንግዶች ከሩቅ አገር እየመጡ፣ «ሐሰት የማያውቀው ሰው አንተ ነህ?» ይሉት ነበር፤ እሱም እስከ ዕለተ ሞቱ አንገቱን ደፍቶ «አዎን፣ ጌታዬ» ይላቸው ነበር።