ደህና ነኝ፣ ብቻ…

ሚጢጢ በሩን አንኳኩታ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቀች።

«እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? ደህና ነዎት?»

መልሱ ቶሎ አልመጣም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናቸው ሳይነሱ፣ መርገጫውን እየረገጡ፣ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን» ይሏት ነበር። ዛሬ መኪናው ዝም ብሏል። ትናንትም ዝም ብሎ ነበር። ሚጢጢ ይህን ልብ ብላ ነበር። ልብ ብላም አለፈችው።

ከላይ፣ ከደረጃው መታጠፊያ፣ ጓደኛዋ ባትሪ የብረቱን መደገፊያ በቁልፍ ታንኳኳለች። «አቦ ነይ በቃ፣ ሊያድሉ ነው» ትላለች። የሕንፃው ልጆች ጣሪያ ላይ ወጥተው ካርታ ሊጫወቱ ነው። ከቤት መውጣት ክልክል ነው፤ ጣሪያ መውጣት ግን ከቤት መውጣት ይሁን አይሁን ኮሚቴው ገና አልወሰነም።

«ደህና ነኝ» አለ ከበሩ ጀርባ የልብስ ሰፊዋ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን። ብቻ…»

የሚጢጢ አንድ እግር ደረጃው ላይ ነበር።

«እሺ እትዬ፣ ደህና ይዋሉ» አለችና ወደ ላይ ሮጠች።

በሽታው ከተማውን ከዘጋው ወዲህ ሕንፃው የራሱ ኮሚቴ አለው። ሊቀመንበሩ ከሕንፃው ሥር መድኃኒት ቤት ያላቸው ፋርማሲስት ናቸው። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እሳቸውም አንድ ቀን «አይደለሁም» ብለው አያውቁም። መመሪያውን የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ በየደረጃው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አንኳኩ፤ ራቁ፤ ደህንነታቸውን ጠይቁ፤ ሂዱ። ልጆቹ በተለይ የመጨረሻዋን ቃል አጥብቀው አከበሯት።

ብቸኛ ሰዎችን በየቀኑ እየዞሩ መጠየቅ የወጣቶቹ ሥራ ነበር። የታችኛው ፎቅ ለሚጢጢና ለባትሪ ደረሳቸው። ሚጢጢ በቁመት እናቷን ካለፈች ቆይታለች፤ ስሟ ግን እንደዚያው ሚጢጢ ሆኖ ቀረ። ባትሪን ባትሪ ያሰኛት አፏ ነው፤ አያልቅም።

ጥያቄው አንድ ነው፣ መልሱም አንድ ነው። ማንንም ብትጠይቁ «ደህና፣ ተመስገን» ይላችኋል። እግሩ የተሰበረውም፣ ቤቱ የተቃጠለበትም መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል፤ ወጉ ነው። ጉዳዩ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው፣ «ብቻ» ከምትባለው ቃል ጀርባ። ደህና ነኝ፣ ብቻ ወገቤን። ደህና ነን፣ ብቻ ኑሮው። ደህና ነኝ፣ ብቻ ልጄ ከደወለ ሰነበተ። ሚጢጢ ይህን እየሰማች ነው ያደገችው፤ ማንም ሊያስተምራት አያስፈልግም። መመሪያው ላይ ግን «ብቻ»ን ጠብቁ የሚል አልተጻፈም።

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ለራሳቸው የሚለምን አፍ የላቸውም። መዘጋቱ ሲጀመር ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለሕንፃው ሰው ሁሉ ማስክ ሰፉ። ፋርማሲስቱ የሚያደርጉት አበባ አበባ ማስክ እንኳ ከልብስ ሰፊዋ የድሮ መጋረጃ የወጣ ነው። ዱቄትና ዘይት የመጣ ጊዜ ሚጢጢ «እትዬ፣ እርዳታ ያስፈልግዎታል?» ብላ ብትጠይቃቸው «ለባሰበት ስጡት ልጄ» አሏት። ለባሰበት ተሰጠ። ከባሰባቸው መካከል አንዱ የፋርማሲስቱ አማች ሆኑ።

በማግስቱ በሩን ስታንኳኳ መልስ አልነበረም። ሚጢጢ በመዳፏ መታችው፣ ከዚያ በጫማዋ መታችው፣ ከዚያም ራቁ የሚለውን ረስታ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ውስጥ መጋዝ እንጨት ላይ ሲሄድ የመሰለ ትንፋሽ ይሰማል። እየጮኸች ወደ መድኃኒት ቤቱ ወረደች። በሩ ተሰበረ፤ አምቡላንስ መጣ። ነጭ የለበሱ ሰዎች ልብስ ሰፊዋን በቃሬዛ ይዘው ሲያልፉ አንደኛው «ትናንት ብትጠሩን ምን ነበረበት» አለ። ማንንም ለመውቀስ አልነበረም፤ ደክሞት እንዲሁ ያለው ነው። ሚጢጢ ደረጃው ላይ ቆማ ሰማችው። ክፍት በቀረው በር በኩል ጠረጴዛው ላይ የተቆረጡ፣ ገና ያልተሰፉ ማስኮች ይታያሉ። ምድጃው ላይ ያለው ድስት ታቹ ደርቋል።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሞቱ።

የሕንፃው ሰው የሚጻጻፍበት የስልክ ግሩፕ በ«ነፍስ ይማር» ተጥለቀለቀ። ማታውን ፋርማሲስቱ የድምፅ መልእክት ላኩ። «ወጣቶቻችን በመመሪያው መሠረት በየዕለቱ ጠይቀዋቸዋል» ይላል ድምፃቸው። «እሳቸውም ደህና መሆናቸውን አረጋግጠውልናል። ኮሚቴው የሚችለውን ሁሉ አድርጓል፤ ወጣቶቻችንን እናመሰግናለን።» ከሥሩ የሚያጨበጭቡ እጆች ተደረደሩ። አንድ ሰው ደግሞ የሚጢጢን ስም ጠርቶ አበባ ላከላት።

ሚጢጢ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው። ፋርማሲስቱ አናደዷት። አጨብጫቢዎቹ አናደዷት። አበባዋ ግን አንጀቷን አሳረረችው።

እናቷ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ከተማ ቢዘጋም ዳቦ አይዘጋም። ስትገባ ሚጢጢ እስክትቀመጥ እንኳ አልጠበቀቻትም።

«እማ፣ እትዬ የዚያን ቀን ብቻ ብለው ነበር።»

«ብቻ ምን?»

«አላውቅም። ጥያቸው ሄድኩ።»

እናቷ ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ስታሽ ቆየች። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለች። «አንቺ ልጅ ነሽ። ይህን ሸክም የጫኑብሽ ትልልቆቹ ናቸው። ዝም በይ፤ ተናግረሽ ማንን ልታስነሺ ነው?»

«አንቺ ብትሆኚስ ኖሮ? ከበሩ ጀርባ ያለሽው አንቺ ብትሆኚ?»

እናቷ ተነሥታ እጇን ልትታጠብ ሄደች፤ ውሃው ለረዥም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ።

ባትሪ በበኩሏ ነገሩን ጨርሳው ጠበቀቻት። በማግስቱ ደረጃው ላይ ተገናኙ። ከጓደኛዋ ራቅ ብላ ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሚ፣ ዶክተር ጠይቆኝ ነበር» አለቻት። «ሁለታችንም በሩ ጋ ነበርን፣ ደህና ነኝ ሲሉ ሰምተናል አልኩት። አንቺም እንደዚያው በይ።»

«አንቺ በሩ ጋ አልነበርሽም። ላይ ነበርሽ።»

«ሰምቻለሁ ግን። ደህና ነኝ አላሉም? ውሸት ነው?»

«ብቻ ሲሉስ ሰምተሻል?»

የባትሪ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዘ። «አታካብጂ በናትሽ» አለች። «ብቻ የማይል ማን አለ? እናቴ በቀን ስንት ጊዜ ትለዋለች። ከተናገርሽ እኮ ጣሪያውም ይወጣል፣ ካርታውም ይወጣል። ነይ እያልኩ የጠራሁሽ እኔ ነኝ። እኔንም ይዘሽኝ ልትገቢ ነው?»

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሚጢጢ ልትቆጣት ፈልጋ ሳትችል ቀረች። ባትሪ ጠራቻት እንጂ እግሯን አላነሣችላትም።

ከሰዓት በኋላ ፋርማሲስቱ አስጠሯት። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ በገመድ ታግዷል፤ ለእሷ ገመዱን አነሡላት። እጃቸው በአልኮል ብዛት ተሰነጣጥቋል። ዓይናቸውም እንቅልፍ ካየ የቆየ ይመስላል። መጥፎ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ለሚጢጢ ይቀላት ነበር።

«የእትዬ ልጅ ሊደውል ነው» አሏት። «ያ የከባድ መኪና ሹፌሩ። መንገድ ተዘግቶበት ሩቅ አገር ጋቢና ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ለቀብራቸው እንኳ አልደረሰም። በየቀኑ የጠየቀቻትን ልጅ አገናኙኝ ብሎ ሙጭጭ አለብኝ። ነገሩ ቀላል ነው። ጠየቅኳቸው፣ ደህና ነኝ አሉኝ። በቃ። ሰውዬው ሐዘኑ ይበቃዋል፤ በቁስሉ ላይ እንጨት አትስደጂበት።»

«እሺ» አለች ሚጢጢ።

ስልኩ ጠራ። ፋርማሲስቱ ድምፅ ማጉያውን ከፍተው ሰጧት። ከመስታወቱ ውጭ ባትሪ ቆማለች፤ ማን እንደነገራት እንጃ።

«ሚጢጢ ነሽ?» አለ ጎርናና ድምፅ። «እናቴ ስላንቺ ታወራኝ ነበር። የዩኒፎርሟን ቀሚስ ባስረዘምኩት ቁጥር ያጥርባታል፣ ሸንበቆ ሆነች ትለኝ ነበር።»

«አዎ» አለች ሚጢጢ።

«አንቺን ልወቅስ አይደለም የደወልኩት። እኔም ስደውልላት ደህና ነኝ ነበር የምትለኝ። ልቤ አውቆት እሺ እያልኩ እዘጋለሁ። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ላንቺ ሌላ ምንም አላለችሽም? አንድ ቃልም ቢሆን?»

ፋርማሲስቱ መዳፋቸውን ወደ መሬት አድርገው አየሩን ቀስ እያሉ ይጫኑታል፤ በቃ፣ በቃ ማለታቸው ነው። የሚባለው አፏ ውስጥ ተዘጋጅቷል። ጠየቅኳቸው፣ ደህና ነኝ አሉኝ። አንድም ሐሰት የለበትም። ይህን ብትል ማንም ውሸታም አይላትም፤ ባትሪ ትድናለች፣ ፋርማሲስቱ ይድናሉ፣ ሹፌሩም እናቴ ምንም ሳያማት ሄደች ብሎ ሊተኛ ይችላል። እሷም አበባዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትገባለች።

«ብቻ ብለው ነበር» አለች።

ፋርማሲስቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እንዴት?» አለ ሹፌሩ።

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ ብቻ አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። አልጠበቅኳቸውም። ጣሪያ ላይ ካርታ ልጫወት እየሄድኩ ነበር። የስፌት መኪናቸው ድምፅም ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፤ እሱንም አውቅ ነበር።»

ፋርማሲስቱ ስልኩን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። ሚጢጢ ድምፅ ማጉያውን አጠፋችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። ቢሰድባት በወደደች ነበር። ከወዲያ በኩል የመኪና በር ሲከፈት፣ መልሶም ሲዘጋ ተሰማ፤ ከዚያ ሹፌሩ አለቀሰ፣ አፉን ሳይከድን። ሚጢጢም ልብስ ሰፊዋ በሰፉላት ማስክ ውስጥ አለቀሰች። መስታወቱ ጋ የነበረችው ባትሪ ሄዳለች።

«ድምጿ እንዴት ነበር?» አላት በመጨረሻ።

«ቀስ ያለ» አለች ሚጢጢ። «የደከመው ሰው ዓይነት።»

«ንገሪኝ» አለ። «ካንኳኳሽበት ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ከኋላዋ ፋርማሲስቱ ስሟን ጠሩ። ሚጢጢ አልዞረችም። ደንበኞች የሚጠብቁበት ወንበር ላይ ተቀመጠችና ካንኳኳችበት ጀመረች።