በለቅሶ ድንኳን የተሰጠ ቃል

አሳንሰሩ አርባኛው ፎቅ ላይ ቆመና «ወይዘሮ አስካለ፣ ነጥብዎ ከዚህ በላይ አያስወጣም፤ ይውረዱ» አላት። ማንም አልገረመውም። አብረዋት የነበሩት ሁለት ሴቶች መንገድ ለቀቁላት፣ በሩ ተዘጋ፣ እነሱ ወጡ። አስካለ የአጃ ሾርባዋን እንደያዘች ቀረች። በማማው ከተማ በእግር የሚወጡበት ደረጃ ከቀረ ቆይቷል። ባሏ ደግፌ ስልሳ አንደኛው ፎቅ ካለው ሐኪም ቤት ታሞ ተኝቷል። ሐኪሟ «ከአራት አምስት ቀን አያልፍም» ካለቻት ገና ትናንት ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት የማማውን የውሃ ማጣሪያ አጥባለች፤ ኪራይ አሳልፋ አታውቅም። ተናዳ ወደ ምድር ቤት ወረደች፣ ወደ መታመኛው ቢሮ። መታመኛ የሚሉት ማን እንደተበደረ፣ ማን በጊዜው እንደከፈለ እየጻፈ ለሰው ሁሉ ነጥብ የሚሰጠውን የማሽን መዝገብ ነው። ቢሮው ውስጥ የቀሩት ሰው አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ ሽብሩ።

«መዝገቤን ያንብቡልኝ።»

«ነገ ብትመጪ…»

«ዛሬ! በነጻ የማየት መብት አለሽ ተብያለሁ። ፊደሉ ቢያስቸግረኝም ጆሮ አለኝ።»

«አንቺማ ማሽኑንም ታስለቅሺዋለሽ» አሉና አነበቡ። ኪራይ በጊዜው። ውሃ በጊዜው። ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። «የዘነቡ ዕዳ። ከቀብሯ ቀን ጀምሮ ወደ አስካለ ዞሯል። የመክፈያው ቀን ትናንት አልፏል፤ አልተከፈለም።»

ዘነቡ የደግፌ እህት ነበረች። በለቅሶው ድንኳን አንድ አዛውንት እንደ ወጉ ተነስተው «ሟች ላይ ቀሪ ገንዘብ አለኝ የሚል ይናገር» አሉ። የተናገረ አልነበረም። ደግፌ ሲንሰቀሰቅ አላስችላት አለና አስካለ ተነሳች። «ዛሬም ይምጣ ነገም ይምጣ፣ የዘነቡ ዕዳ የእኔ ነው!» አበዳሪው ግን ሰው አልነበረም። ለመድኃኒቷ ያበደራት ማሽን ነው። ማሽን ለቅሶ አይደርስም፤ በድንኳኑ አምፖል ውስጥ ሆኖ ሰማ፣ ጻፈ፣ ዝም አለ።

«ስንት ነው?»

«የአሥራ አንድ ዓመት ደመወዝሽ።»

«ሳይነግረኝ? ሳልፈርም?»

«ስህተት ነው። መቃወም ትችያለሽ። ሠላሳ ቀን ይመረምሩታል፣ ማስረጃ ካጡ ይሰርዙታል።»

«ደግፌ ሠላሳ ቀን የለውም።»

ሽማግሌው ማሽኑን ወደ እሷ አዞሩ። «አጭር መንገድ አለ። ‹ያልኩት ከልቤ አልነበረም› በሚለው ላይ ጣትሽን አሳርፊ። አሁኑኑ ይሰረዛል።»

«ከልቤ ነበር እኮ።»

«እሱን የጠየቀሽ የለም፣ ልጄ።»

ጣቷን አሳረፈች።

ስልሳ አንደኛው ፎቅ ስትደርስ ሾርባው ቀዝቅዟል። ደግፌ ዐይኑን ገለጠ።

«ቆየሽ።»

«አሳንሰሩ ነው።»

«ዘነቡ ላይ አለኝ ብሎ የመጣ አለ?»

«ማንም አልመጣም።»

«ቢመጣም አንቺ አለሽ። ያን ቀን ባትነሺ ኖሮ እኔም አብሬያት መቃብር ነበር የምገባው።»

ሌላ እንዳይናገር ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠጋች። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ከቀብሩ ስትመለስ አሳንሰሩ «እንኳን ደህና መጡ፣ ታማኝ ነዋሪያችን» አላት። ወደ ቤቷ አልወጣችም። ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች ወደ ምድር ቤት ወረደች።

«ጋሼ ሽብሩ፣ መዝገቤ ላይ ስህተት አለ።»

ከፍተው አዩት። «ምንም የለብሽም። ንጹሕ ነው።»

«አለ እንጂ! ከልቧ አልነበረም ይላል። ይታረምልኝ፤ መብቴ ነው።»

«ዕዳው ይመለሳል እኮ፣ አስካለ። ከአርባኛው በላይ አትወጪም።»

«ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ። ደግሞስ ከእንግዲህ እላይ ማን አለኝ?»

ሽማግሌው ማሽኑ ላይ ለእንዲህ ያለ አቤቱታ ቦታ ፈለጉ። ‹ዕዳ የለብኝም› ለሚል ሰው ብዙ ቦታ ነበር፤ ‹አለብኝ› ብሎ ለመጣ ግን አልነበረም። መሳቢያቸውን ጎርጉረው ወረቀትና እርሳስ አወጡ።

«በይ ንገሪኝ» አሏት፣ «በእጄ እጽፈዋለሁ።»