ሁለት ጣት የጎደለው ክንድ

አምስተኛውን ጥይት ስትተኩስ ዋይማሪ ዓይኗን ጨፍና ነበር። የአጎቷ ትልቅ ጠመንጃ ትከሻዋን እንደ በቅሎ ረገጠው፤ ድምፁ ከሸለቆው ማዶ ካለው ጫካ ጋር ተላትሞ ተመለሰ። አልጨፍንም ብላ ለራሷ ምላ ነበር። አልሆነላትም።

የአክስቷ ልጅ ቱማ የጠመንጃውን ባዶ መሆን እንዳየ፣ መቶ ሜትር ርቆ ሳንቃ ላይ ወደተቸነከረው የወረቀት ሳህን በረረ። እዚያ ጎንበስ ብሎ ትንሽ ቆየ።

«አምስቱም!» ብሎ ጮኸ። «አምስቱም ሳህኑ ውስጥ!»

አጎቷ ሆአኒ አውራ ጣቱን አሳያትና ጠመንጃውን ተቀብሎ ወደ ጋራዡ አመራ። ዋይማሪ ግን ሳህኑን በዓይኗ ማየት ፈለገች። ሁለቱ ቀዳዳዎች ጠርዛቸው ጠቁሯል። ሦስቱ ንጹሕ ናቸው፣ ጥቁረት የሚባል የላቸውም። ቀና ብላ ቱማን አየችው። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል።

«በእርሳስ ነው የበሳኸው?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ይሰማል! ውለታ ነው የዋልኩልሽ፣ የብሪስቤን እመቤት። ደግሞ አጋዘን ከሳህን ይሰፋል።»

«አጋዘኑ ይሰፋል። ሳንባው ነው ሳህን የሚያክለው።»

ለፋሲካ የሟቹ አያቷ የመቃብር ድንጋይ ሽፋኑ በእንግዶች ፊት ይገለጣል። እንዲህ ላለ ቀን ለእንግዶች ማዕድ አጋዘን የሚያመጡት ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ። በጎሳው መሰብሰቢያ ቤት አክስቶቿ «ዘንድሮስ ማን ያመጣል?» ብለው ሲጠይቁ፣ የዋይማሪ እጅ ሳታስበው ተነሣ። ለትምህርት ከሄደችበት ከባሕር ማዶ፣ ከብሪስቤን ከተማ ከተመለሰች ገና ሦስት ወሯ ነበር። «ጉድጓድ ቆፍረን በጋለ ድንጋይ ለማብሰል ስኳር ድንች ብቻ እንዳንቀብር!» አለች አንዷ አክስት፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሆአኒ አልሳቀም። አምስት ጥይት ሳህን ውስጥ ካስገባች ቅዳሜ አብራው ለአደን እንደምትወጣ፣ ካላስገባች እንደምትቀር ነገራት።

«ዝም ካልሽ ማን ያውቃል?» አለ ቱማ።

ዋይማሪ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች አንድ እንግዳ ከሩቅ ተኩሶ አንድ አጋዘን ሆዱን መታው። ከአያቷ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ በዝናብ ውስጥ ደሙን ተከተሉ። ሲያገኙት ገና ይተነፍስ ነበር።

«አጋዘኑ ያውቃል» አለችና ሳህኑን ነቅላ ወደ ጋራዡ ሄደች።

ሆአኒ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ቱማ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«ሁለት ነው» አለች። «ሦስቱ የእርሳስ ነው። ምላጩን ስስብ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

«ዛሬ ነው የጀመረሽ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ሆአኒ ቱማን ዞሮ አየው። «አንተ አናጢ፣ ከአንተ ጋር ማታ እንነጋገራለን።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ይሄ ጠመንጃ ሦስት መቶ ሜትር ርቆ ያለውን ይጥላል። ግን የሚፈሩት ጠመንጃ የትም አይመታም። ምን ይሻላል ትያለሽ?»

«የአያቴ ይሻለኛል።»

ሆአኒ ቁም ሣጥኑን ከፈተ። አሮጌው ጠመንጃ የወታደር ነበር፤ አያቷ በወጣትነታቸው አፈሙዙ ድረስ ይሄድ የነበረውን እንጨት ቆርጠው የአደን አድርገውታል። መቀርቀሪያውን አውጥቶ ሰጣት። ዋይማሪ ልኳ መሆኑን ለማየት አያቷ እንዳስተማሯት የሰደፉን ጫፍ ክርኗ እጥፋት ላይ አሳርፋ ጣቷን ወደ ምላጩ ዘረጋች።

አልደረሰችም።

የጋራዡ መቃን ላይ የአያቷ የእርሳስ ጽሑፍ አለ። በየልደቷ ክንዷን በዚህ ጠመንጃ ይለኩት ነበር። «ዘጠኝ ዓመት፣ አራት ጣት ቀራት። አሥር ዓመት፣ ሦስት ጣት። አሥራ አንድ ዓመት፣ ሁለት ጣት ተኩል። አሥራ ሁለት ዓመት፣ ሁለት ጣት።» ከዚያ በኋላ ብሪስቤን ሄደች። «ክንድሽ ሲደርስ ያንቺ ነው» ይሏት ነበር። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ሁለት ጣት ይቀራታል።

«ትንሽ ጠብቂያ» አለ ሆአኒ።

«የእናቴን ክንድ አይተሃል? ልክ የእኔን ነው የሚያክለው። ከዚህ በላይ አያድግም፣ አጎቴ። እንጨቱ ነው ማጠር ያለበት።»

ሆአኒ ሰደፉን በመዳፉ ዳሰሰው። የአያቷ ጉንጭ ያረፈበት ቦታ ለስልሶ ያበራል። «ይሄን እንጨት? አርባ ዓመት የያዙትን?»

«እሳቸውስ ቆርጠውት የለ?»

«የቆረጡት የራሳቸውን ነዋ!»

«ይሄስ የማን ነው?»

ሆአኒ ከግድግዳው ላይ መጋዙን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። «እኔ ግን እጄን አላስገባም። ባለቤቱ ይቁረጠው።»

ዋይማሪ የሰደፉን የብረት ሽፋን ፈታች። ሁለት ጊዜ ለካች፣ ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ለክታ አሰመረችበት። የአያቷ ጉንጭ ያረፈበት ቦታ ከመስመሩ በላይ ስለሆነ አይነካም። መጋዙ እንጨቱን ነከሰ። ከእንጨቱ የቆየ ዘይት ሸተታት። ቁራጩ መሬት ላይ ሲወድቅ ቱማ አነሣው። ሁልጊዜ ቁርጥራጭ ወደሚጣልበት ምድጃ አልወረወረውም፤ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

ሽፋኑን መልሳ አሠረች። ክርን። ጣት። ምላጭ።

በማግስቱ ጠዋት ሳሩ ገና በጤዛ እንደራሰ ነው። ዋይማሪ ሳንቃውን ነቅላ በእርምጃ ቆጥራ ሰባ ሜትር ላይ ተከለችው፣ አዲስ ሳህንም ቸነከረችበት።

«አቀረብሽው» አለ ሆአኒ።

«አጋዘኑ ከዚህ በላይ ከራቀ አልተኩስም።»

«ቅዳሜ በደረትሽ መሳብ ይኖርብሻላ።»

«እሳባለሁ።»

ጥይቱን ያጎረሰላት ሆአኒ ነው። አንደኛው ትከሻዋን ገፋ አደረጋት፤ ዓይኗ ግን ሳህኑ ላይ ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ጠመንጃው «ቀጭ» ብቻ አለ፤ ሆአኒ ሳያሳያት ባዶ ቀለህ ሰክቶበት ነበር። ከፈራች አፈሙዙ ያጎነብሳል። አላጎነበሰም። ሆአኒ ቀለሁን አውጥቶ ቀሪዎቹን ሦስት ሰጣት።

የመጨረሻው ተኩስ ከጫካው ሲመለስ ቱማ ለመሮጥ ተነሣ።

«ቁም፣ ቱማ» አለችው።

«እርሳሱን አልነካም፣ ሙት!»

ዋይማሪ መቀርቀሪያውን ከፈተች፣ ባዶ መሆኑን አየች፣ ጠመንጃውን ለአጎቷ አቀበለች። ከዚያ እርሳሱን ከቱማ ጆሮ ላይ አንሥታ ኪሷ ከተተችው።

«እኔ እቆጥራለሁ» አለችና በረጠበው ሳር ላይ፣ ሳትሮጥ፣ ወደ ሳህኑ መራመድ ጀመረች።