የተገናኙ ስልኮች

«ይህ ስልክ ከአካውንትሽ ይውጣ?» ይላል በእንግሊዝኛ የተጻፈው መልእክት። ጃለቱ ጣቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ቀጥ አለች። አንዴ ብትነካው ነገሩ ያበቃል። ማንም አያውቅም።

ስልኩ ድሮ የእሷ ነበር። አባቷ ከናይሮቢ አዲስ ሲያመጣላት፣ አሮጌውን ስልክ ማንያታ ሰፈር ለምትኖረው ለአክስቷ ልጅ ለሻሮ ሰጠቻት። ሲም ካርዷን አወጣች እንጂ ፎቶዎቿ የሚቀመጡበትን የክላውድ አካውንት መዝጋት ትዝ አላላትም። ከዚያ ወዲህ ሻሮ የምታነሳው ፎቶ ሁሉ ሳታውቀው ጃለቱ ጋ ይደርስ ጀመር፤ ፍየሎቹ፣ የቡቲዬ መንገድ፣ አልጋ ላይ የተኛችው እናቷ። ጃለቱ መጀመሪያ ልትነግራት አስባ ነበር። ግን የሰው ጓዳ ማየት ይጥማል። ዛሬ ነገ ስትል ቆየች።

አንድ ቀን የመጣው ፎቶ ግን ሌላ ነበር። ሻሮ ሻሿን አውልቃ መስታወት ፊት ቆማለች። ፀጉሯ እዚህም እዚያም ተመልጦ የራስ ቆዳዋ ይታያል። ለሐኪም ልታሳየው ያነሳችው መሆኑን ጃለቱ የሰማችው በኋላ ነው። ያን ዕለት ግን ስልኳን ለክፍል ጓደኛዋ ለሉሲ አቀበለቻትና ሁለቱም ሳቁ። ሉሲ ፎቶውን መቼ ወደ ራሷ ስልክ እንደላከችው ጃለቱ አላየችም። በማግስቱ የክፍሉ ግሩፕ ላይ ወጣ።

ሻሮ ትምህርት ቤት መምጣት አቆመች። ስልኬን የሚነካው ወንድሜ ብቻ ነው ብላም ሊበንን ጠረጠረች። ሊበን ቢምል ቢገዘት የሚያምነው አጣ፤ አባቱ ጎረቤት ፊት አዋረዱት። ጃለቱ ይህን ከእናቷ የሰማችው ምሳ ላይ ነበር።  እውነቱን ሳትናገር ከገበታው ተነሳች።

ዛሬ ደግሞ ማከማቻሽ ሞልቷል፣ የማትጠቀሚባቸውን ስልኮች አስወጪ የሚል መልእክት መጣላት። ስትከፍተው የሻሮ ስልክ እዚያው አለ። ስሙ እንኳ አልተቀየረም፤ «የጃለቱ ስልክ» ይላል። 

አልነካችውም። ስልኳን እንደያዘች ወደ ማንያታ ሄደች።

ሻሮ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ነበር። ስታያት ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

«ፎቶውን ያወጣው ሊበን አይደለም» አለች ጃለቱ እንደቆመች። «ከእኔ ስልክ ነው የወጣው።»

ሻሮ አልገባትም። ጃለቱ ፎቶዎቹ እንዴት ይደርሷት እንደነበር፣ ለማን እንዳሳየችና እንደሳቀችም ጭምር ነገረቻት። ሻሮ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን ከጃለቱ ተቀበለች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ስታሳልፍ ቆይታ አንዱ ላይ አቆመች።

«እማዬ ታማ የተኛችበትንም አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ስልኩን ስትሰጪኝ ለሰው ሁሉ ነበር የነገርኩት፤ እንደ ጃለቱ ያለ ዘመድ የለኝም ብዬ።»

ጃለቱ ይቅርታ ልትል ፈለገች፣ ቃሉ ግን አፏ ውስጥ አነሰባት። ይልቅ የሻሮ ስልክ ከአካውንቱ የሚወጣበትን ቦታ አሳየቻት። «አንቺ ንኪው» አለች።

ሻሮ ነካችው። «የጃለቱ ስልክ» የሚለው ጠፋ።

«ሳዋ» አለች ሻሮ በስዋሂሊ። እሺ ማለቷ አልነበረም፤ በቃ ማለቷ ነበር። ስልኩን መለሰችላትና ወደ ልብሱ ጎንበስ አለች። «ለሊበን ግን እኔ አልነግርልሽም።»

ሊበን ከቤቱ ጀርባ ለፍየሎቹ ውሃ ሲቀዳ ይሰማል። የግቢው በር ከጃለቱ ፊት ለፊት ክፍት ነበር።  እሷ ግን ቤቱን ዞራ ወደ ጀርባ ሄደች።