ለሁለት አንድ መጽሐፍ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባሁበት በ1975 ዓ.ም. የፊዚክስ መጽሐፍ የደረሰን ለሁለት ተማሪ አንድ ነበር። ሀዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። አባቴ አቶ ጉልላት የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ከደብረ ብርሃን ወደዚያ ሲዛወር፣ ትምህርት ከተጀመረ ወር አልፎት ነበር። ለእኔ አምስተኛ ትምህርት ቤቴ ነው። ጓደኛ አፍርቶ መለያየት ሰልችቶኛል። አባቴ በመንግሥት ላንድሮቨር በር ድረስ ስለሚያደርሰኝም ደፍሮ የሚጠጋኝ አልነበረም።

መምህር ይልማ መጽሐፉን ሲያድሉ ተማሪው ሁሉ ከአጠገቡ ካለው ጋር ተጣመረ። በመጨረሻ ሁለት ሰው ተረፈ፤ እኔና የኋላ ወንበር ላይ ብቻውን የሚቀመጥ አንድ ቀጭን ልጅ።

«አስካለና ዱካሞ፣ እናንተ ተስማምታችሁ ተጠቀሙበት» አሉን።

ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም። «አንቺ ቀድመሽ ውሰጂ» አለ። «ዓርብ ዓርብ እንቀያየራለን።»

ክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ምክንያቱን የነገረችኝ ከፊቴ የምትቀመጠው ትዕግሥት ናት። ዘጠነኛ ክፍል እያሉ የአማርኛ መምህራቸው ስለ ቤተሰቡ እንዲናገር አስነስተውት «እናቴ ገበያ ሄደ» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። የተወለደው ከአለታ ወንዶ ወዲያ ገጠር ውስጥ ነው፤ አማርኛን የሰማው በአሥር ዓመቱ አንደኛ ክፍል ሲገባ ነበር። ከዚያ ሳቅ ወዲህ እጁን አውጥቶ አያውቅም። መምህራኑም ደካማ ነው ብለው ትተውታል።

በሦስተኛው ዓርብ መጽሐፉን ሳስረክበው ምዕራፉ ምንም እንዳልገባኝ ነገርኩት። ግራ ቀኙን ካየ በኋላ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ሾላ ሥር ቁጭ አለና በስንጥር መሬት ላይ ይሥልልኝ ጀመር። መጀመሪያ ተንተባተበ። እንደማልስቅበት ሲያይ ቃላቱ ፈጠኑ። አማርኛው ሲያጥረው በሲዳምኛ ይለዋል፤ እሱም ሳይገባኝ ሲቀር በእጁ ያሳየኛል። መምህር ይልማ በሁለት ሳምንት ያላስረዱኝን በግማሽ ሰዓት አስረዳኝ።

«ክፍል ውስጥ ለምን አትናገርም?» አልኩት።

«እዚያ የሚሰሙት ሐሳቤን አይደለም» አለ። «አፌን ነው።»

ከዚያ በኋላ ዓርብ እስኪደርስ ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

ዱካሞ ጠዋት ይማርና ከሰዓት በኋላ ፒያሳ፣ ጋሽ ሸዋንግዛው የሚባሉ ልብስ ሰፊ ቤት በከሰል ካውያ ልብስ ይተኩሳል። የሚያድረውም እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ጨርቅ ላይ ነው። አንድ ቀን ደብተሩን ገልጬ ባየው የፊዚክሱን መጽሐፍ ከነሥዕሉ በእጁ ገልብጦታል።

«ይኼን ሁሉ ለምን ትጽፋለህ?»

«በአንቺ ሳምንት ላነበው።»

እኔ የራሴ ክፍል ነበረኝ፤ ጠረጴዛና የራስጌ መብራትም። ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ የሚያስጠናኝ ሰው ቤት ድረስ ይመጣል። አባቴ ማታ ማታ ራዲዮ እያስደመጠ ቃል ይጠይቀኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን በራሴ ጉብዝና የማልፍ ይመስለኝ ነበር።

በሚያዝያ አንድ ዓርብ ከተማው ለሰልፍ ወጥቶ ሱቁ ተዘጋ። ሁለታችን ወደ ሐይቁ ወረድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት እየጠበቁ ዳር ዳሩን ቆመዋል። ዱካሞ የሲዳምኛ ቃል ቢያስጠናኝ አንዱንም በትክክል ማለት አቃተኝ። ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አሁን አንቺ ነሽ የሚሳቅብሽ» አለኝ።

ቀኝ እጁ ላይ ካውያ የተወው ረጅም ጠባሳ አለ። ሳላስበው በጣቴ ነካሁት። እጁን አልሰበሰበም። እኔም አላነሳሁም። ውኃው ዳር የነበሩት አስጋሪዎች ጀልባቸውን ጎትተው እስኪያወጡ ድረስ እንደዚያው ቆየን። በመካከላችን የሆነው ይኸው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከዚያ የበለጠ አላገኘሁም።

ከማትሪክ በፊት ያለው የመጨረሻ ሳምንት የዱካሞ ተራ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን ይዤ ልወጣ ስል እናቴ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ሳሎን ውስጥ አስቆመችኝ።

«ወዴት ነው?»

«መጽሐፉን ለዱካሞ ላደርስ። ሳምንቱ የእሱ ነው።»

«ፈተና አፋፍ ላይ ሆና መጽሐፏን ለሰው የምትሰጥ ልጅ የት አለች?» ከእጄ ተቀበለችና ብፌው ውስጥ ቆለፈችበት። «የዚያን ልጅና የአንቺን ነገርም ሰው ማውራት ጀምሯል። አባትሽ ጆሮ ሳይደርስ ይብቃ።» ቁልፉን እንደተሰካ ትታው ወደ ጓዳ ገባች።

ስቆይበት ራሱ መጣ። በሩ ሲንኳኳ የወጣችው እናቴ ናት።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ። አስካለ አለች?»

«የለችም ልጄ፣ ከአባቷ ጋር ወጥታለች።»

«መጽሐፍ ትታልኝ ይሆን?»

«እኔ የማውቀው ነገር የለም።»

እኔ ከሳሎኑ መጋረጃ ጀርባ ቆሜያለሁ። ብፌው ከእኔ አምስት እርምጃ አይርቅም። አልተራመድኩም። እናቴን ፈርቼ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግር ኖሬያለሁ፤ እሷን መፍራቴም ውሸት አይደለም። ነገር ግን መጽሐፉን እኔም ፈልጌው ነበር። መጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች ገና አልከለስኳቸውም።

በፈተናው ሳምንት ዱካሞ ከሩቅ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኝና ያልፋል። አልተቆጣም፣ አልጠየቀኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ውጤቱ ነሐሴ ላይ መጣ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ዱካሞ አለማለፉን ከትዕግሥት ሰማሁና ፒያሳ ሮጬ ሄድኩ። ጋሽ ሸዋንግዛው መኪናቸው ላይ አጎንብሰው እየሰፉ ነበር።

«ሄዷል» አሉኝ። «ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ይመዘግባል ሲባል ወጣቱ ሁሉ ወደየአገሩ ገባ። ደርሶ ይሁን መንገድ ላይ ተይዞ፣ እኔም አላውቅ።»

«ለእኔ የተወው መልእክት የለም?»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «የለም ልጄ።»

አዲስ አበባ አራት ዓመት ፊዚክስ ተማርኩ። የመኝታ ክፍሌ ልጆች ስለ ፍቅረኞቻቸው ሲያወሩ እኔ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። ከግንባር ቁስለኛ መጣ በተባለ ቁጥር ስሙን በልቤ እጠራለሁ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ አድራሻ የለውምና እቀደዋለሁ። ስመረቅ ሌላው ሁሉ አዲስ አበባ ለመቅረት ሲሯሯጥ እኔ አዋሳን ጠየቅኩ። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ከእናቴ ጋር ደብረ ብርሃን ተመልሰው ስለነበር አንድ ክፍል ተከራይቼ ለብቻዬ ገባሁ። በማስተምርበት ክፍል መጽሐፉ አሁን ለሦስት ተማሪ አንድ ሆኗል። የኋላ ወንበር ላይ ዝም የሚሉትን አያቸዋለሁ።

በ1981 ክረምት ከየወረዳው ለመጡ የአንደኛ ደረጃ መምህራን የሦስት ሳምንት ሥልጠና ስንሰጥ እኔም ሳይንስ እንዳስተምር ተመደብኩ። በመጀመሪያው ቀን ስም ስጠራ የእሱ ስም ላይ ደረስኩ።

«ዱካሞ…»

«አቤት» አለ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ወፍሯል፣ ጢም አውጥቷል። ያ የካውያ ጠባሳ እጁ ላይ አለ።

ሥልጠናው እስኪያልቅ እንደ ማንኛውም ሰልጣኝ «መምህርት» እያለ ጠራኝ። ጥያቄ ሲኖረው እጁን ያወጣል፤ ሳይፈራ ይናገራል። ብቻችንን ያወራነው በመጨረሻው ቀን፣ ከአዳራሹ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ ተከትዬው ነው።

«ያን ጊዜ ቤት ነበርኩ» አልኩት። «መጽሐፉም ነበር። የወደቅከው በእኔ ምክንያት ነው።»

ቆመ። «በእሱ ስትጨነቂ ኖርሽ?»

«ስድስት ዓመት።»

«ፊዚክስ ኤ ነው ያገኘሁት፣ አስካለ። መጽሐፉን ጨርሼ ገልብጬው ነበር።» ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። «የጣለኝ እንግሊዝኛና አማርኛ ነው። ማንም ሰው ቤት መጥቶ ቃል ጠይቆኝ አያውቅም። እሱን አንቺ ብትፈልጊም በአንድ ሳምንት ልታውሺኝ አትችይም።»

የተሸከምኩት ጥፋት እንዲያ በቀላሉ ከላዬ ሲነሳ ቀላል አልሆነልኝም።

«ታዲያ ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ?»

ከመናኸሪያው የረዳቶቹ ጥሪ ይሰማል።

«ከመጋረጃው ሥር እግርሽን አይቼዋለሁ» አለኝ። «መጽሐፉን ይቅር ብዬ ነበር። አንድ ቃል እንኳን ብትናገሪ፣ ‹ዱካሞ ነው?› ብትዪ፣ ይበቃኝ ነበር። ሾላው ሥር ሳትስቂብኝ የሰማሽኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንቺም ዝም ስትዪ ግን ወደ አገሬ ከመሄድ ሌላ አልታየኝም።»

«ዱካሞ፣ እኔ…»

«አውቃለሁ» አለ። «ልጅ ነበርሽ። እኔም ነበርኩ።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንዳይጎዳኝ እየተጠነቀቀ ጨመረበት። «ባለፈው ዓመት አገባሁ። ባለቤቴ በኅዳር ትወልዳለች።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ከልቤ ነበር። ሆኖም ለማለት ጊዜ ፈጀብኝ።

መንገዱን ስለ ተማሪዎቹ እየነገረኝ ጨረስነው። ያኔ ሳይያዝ አገሩ ደርሶ፣ አሁን እዚያው አንደኛ ክፍል ያስተምራል። ልጆቹ የገባቸውን መጀመሪያ በቤታቸው ቋንቋ እንዲነግሩት ይተዋቸዋል፤ አማርኛው ከዚያ ይከተላል። ተቆጣጣሪው ሁለቴ በጽሑፍ አስጠንቅቆታል። «ይጻፍ» አለ ፈገግ ብሎ።

አውቶቡሱ ሊሞላ ሁለት ሦስት ሰው ቀርቶታል። እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት። ሁለታችንም ቶሎ አልለቀቅንም። ከዚያ ገባና በወዲያኛው መስኮት በኩል ቦታ አገኘ፤ ፊቱ አይታየኝም። አውቶቡሱ በጭቃው ውስጥ እየተንገዳገደ ወጥቶ ወደ ደቡቡ መንገድ ታጠፈ።

ካፊያ ጀመረ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ ወረፋ ይዘሽ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባቴ፣ እኔ አልሄድም» አልኳቸውና ቦታውን ለቀቅኩላቸው።